ጆታም ከሰፈር የጠፋበት ዓመት

ፔልተን፣ ኅዳር 9 ቀን 1778

ለወንድሜ ለኢኖስ ዊትኮም፣ በሃድሰን ወንዝ ዳር ላለው የጦር ሰፈር፤

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤቴ ጆታምስ እንዴት ነው? በአንድ ጎጆ የምታድሩ ናችሁና ለአንዳችሁ የተመኘሁት ጤና ለሁለታችሁም ይድረስ። እኔ በእግሬ ቆሜያለሁ፤ ለዚህም አምላኬን አመሰግናለሁ።

ወንድሜ፣ ይህን ወረቀት መጀመሪያ ለብቻህ አንብበው። ጆታም ፊደል ስለማይቆጥር ሁልጊዜ የእኔን ቃል የሚሰማው በአንተ አፍ ነው። ይህኛውን ግን ሰው በተሰበሰበበት እንዳታነብለት። ወደ ጥግ ውሰደውና ቁጭ አድርገህ ንገረው።

የመጀመሪያው ውርጭ እንደወረደ የጉሮሮ በሽታ መንደራችን ገባ። ቀድሞ የታመመው ሩፉስ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታልና ጉልበት ነበረው፣ ተረፈልኝ። እሱ ገንፎ መዋጥ በጀመረ ሰሞን ፊቢ ተኛች። እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ጸሎት ቤት ሳለ፣ እጄ ላይ አለፈች። አራት ዓመቷ ነበር። መጨረሻዋ ጭንቅ አልነበረውም። ይህን ለአባቷ ንገረው፤ ላጽናናው ብዬ የፈጠርኩት አይደለም።

ሳጥኑን የሠሩልንና መቃብሩን የቆፈሩልን አቶ ሳይላስ ብራግ ናቸው። መሬቱ መጠጠር ጀምሮ ስለነበር ከዶማው ጋር ሲታገሉ ዋሉ። ልጃቸው ኢታማር ከእናንተ ጋር ዘምቶ ሳራቶጋ ላይ ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው ውጊያ ከወደቀ ወዲህ ከሰው ጋር እምብዛም አይነጋገሩም። እንደምታውቀው የመንደራችን የጦር ኮሚቴ ሰው ናቸው። ከሰፈር የጠፋ ወታደር ሲገኝ አስይዘው የሚመልሱት እሳቸው ናቸው፤ ደስ እያላቸው እንደሚያደርጉትም ይወራል። ለእኔ ግን ያን ቀን አባት ሆኑልኝ።

ጆታም ፈቃድ ማግኘት ቢችል፣ ለጥቂት ቀንም ቢሆን፣ ይምጣልኝ። የጎተራው ጣሪያ አፍስሷል፤ ድርቆሹ እየበሰበሰ ነው። ድርቆሹን ተወው። እሱን ማየት እፈልጋለሁ።

ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ልኬአለሁ። ትልቁ የእሱ ነው።

እህትህ ዶርካስ ሊላንድ

---

ከሃድሰን ወንዝ ዳር፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1778

ለእህቴ ለዶርካስ ሊላንድ፣ ፔልተን፤

እትዬ፣ ጤናሽን እጅግ አድርጌ እጠይቃለሁ። ያችን ልጅ ጫንቃዬ ላይ አስቀምጬ ከአጥር ዳር እንጆሪ ያስለቀምኳት ሰው ነኝ፤ ከዚህ በላይ ምን እላለሁ? ያጽናሽ።

እንዳዘዝሽኝ ጆታምን ከጎጆዎቹ ጀርባ ወዳለው ቋጥኝ ወስጄ ነገርኩት። ደብዳቤሽንም አነበብኩለት። ከዚያ እንደገና እንዳነብለት ጠየቀኝ፤ አነበብኩለት። ካልሲውን ተቀብሎኝ እጁ ላይ ሲያገላብጠው ቆየ።

በማግስቱ ሻምበላችን ዘንድ ገብቶ ፈቃድ ጠየቀ። ሻምበሉ ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን ከሰዎቻችን ግማሹ ጫማ የለውም፣ ሌላው ታሟል፤ ዘብ የሚቆም ጠፍቷል። የብርዱ ጉልበት ሲሰበር አስብልሃለሁ አለው። ጆታም አመስግኖ ወጣ። እኔን ያስፈራኝ አመስግኖ መውጣቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት እንጨት ከሚቆርጡት ጋር ወጣ፤ ሲመለሱ አብሯቸው አልነበረም። የወንዙ በረዶ ተሰብሮበት ይሆን ብለን ዳር ዳሩን ፈለግን። ያገኘነው መጥረቢያውን ብቻ ነው፤ ስለቱን ጠርጎ ጉቶ ላይ ተክሎት ሄዷል። የጦሩ ንብረት ስለሆነ ይዞት መሄድ አልፈለገም። ጆታም እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሻምበሉ ግን ስሙን ከከዱት ጋር አስመዘገበው። የመዘገብኩትም እኔ ነኝ፤ ሻምበሉ እጁን ቁርጥማት ስለያዘው አስር አለቃ ከሆንኩ ወዲህ የጽሕፈቱ ሥራ በእኔ ላይ ወድቋል።

ይህን የሚያመጣልሽ ነጋዴ ደብዳቤ የመክፈት አመል አለው ይባላል፤ ስለዚህ ብዙ አልልም። ከዚህ እስከ እናንተ ያለው መንገድ በዚህ ወር ለውሻም አይመችም። ሁለት ቃል ብትጽፊልኝ ይበቃኛል።

ወንድምሽ ኢኖስ

---

ፔልተን፣ ጥር 23 ቀን 1779

ወንድሜ ኢኖስ፣ ከብርዱም ከጥይቱም ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን፤ ከምትገምተውም በላይ ደህና ነን።

ስለ ጆታም የጻፍከውን አንብቤአለሁ። እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል።

በፊተኛው ደብዳቤዬ ስለ ፈቃድ የለመንኩህን ተወው። ይልቅ የጦሩ ሐኪም በብርድ ለተመታ እግር የሚሰጠው ቅባት ካለ ትንሽ ላክልኝ። ከላሟ ጋር በረት ውስጥ ስውል እግሬን ውርጭ ይመታኛል። ጨውም ጠፍቶብናል፤ እሱ ግን ካልሆነ ይቅር፤ ቅባቱ ይበልጣል።

የጎተራው ጣሪያ ተጠግኗል። በቆሎውም ተፈልፍሎ አልቋል።

አቶ ብራግ በየቅዳሜው እየመጡ እንጨት ይፈልጡልኛል። እንዳይቸገሩ፣ እንጨት እንዳለን ነግሬአቸው ነበር፤ ሰምተውኝ እንዳልሰሙ ሆነው ይፈልጣሉ። ሲጨርሱ እሳቱ አጠገብ ተቀምጠው የፖም ጠጅ ይጠጣሉ፤ ሳይናገሩ ይቆዩና ይሄዳሉ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጣሪያውን ማን እንደጠገነው ጠየቁኝ። ሩፉስ ነው አልኳቸው። በመስኮት ወደ ጎተራው አሻግረው አዩና፣ «ሩፉስ ጎበዝ አናጢ ወጥቶታል» አሉ። እኔ ግን እስኪሄዱ ድረስ እጄ ላይ የያዝኩትን ማንኪያ ማስቀመጥ አቅቶኝ ነበር።

አንዲት ጎረቤቴ የጠየቀችኝ ነገር አለ፤ እኔ መልሱን ስለማላውቅ አንተን ልጠይቅ። ከሰፈር የሄደ ሰው ተይዞ ሲመለስ ምን ያደርጉታል? ራሱ በእግሩ ቢመለስስ? ለእሷ ብለህ በደንብ ጻፍልኝ።

ዶርካስ

---

ከሃድሰን ወንዝ ዳር፣ የካቲት 19 ቀን 1779

እትዬ፣ ደብዳቤሽ በበረዶው ምክንያት ብዙ ቆይቶ ዛሬ ደረሰኝ። በሕይወት ያገናኘን አምላክ ይመስገን።

ቅባቱን ልኬአለሁ። የአሳማ ሞራና የጥድ ሙጫ ነው፤ ማታ ማታ አሙቀሽ ቀቢው። ጣቱ ከጠቆረ ግን ቅባት አይመልሰውም፤ ቁስሉ ሽቅብ ሳይወጣ የሚቆርጥ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ስለ እግርሽ ብዬ ነው።

ጎረቤትሽ ማን እንደሆነች አልጠይቅም። መልሱ ይህ ነው። የተያዘ ሰው በሻምበል ጦሩ ፊት ልብሱን አውልቆ ይገረፋል፤ ከመቶ ጅራፍ ተርፎ የቆመ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ያው ሰው አልነበረም። ሁለት ጊዜ የከዳ ወይም ወደ ጠላት ሲሄድ የተገኘ ይሰቀላል። ራሱ የተመለሰ ይቀልለታል፤ ምን ያህል እንደሚቀልለት ግን ሻምበሉ ያን ቀን ባደረበት ይወሰናል። መንገዱ ሲደርቅ በየመንደሩ ፈላጊ ጓድ ይሰማራል። ጎረቤትሽ ይህን ትወቅ።

ሻምበሉ የእህቴ ባል የት እንዳለ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፤ እስካሁን ማንም አልነገረኝም። አንቺም ባትነግሪኝ ደስ ይለኛል።

እዚህ ያው ነው። በጎጆው አሥራ ሁለት ሰው ነበርን፤ አሁን ዘጠኝ ነን። በብረቱ ሰንሰለት ላይ እየሠራን ነው። የእንግሊዝ መርከብ ሽቅብ እንዳይወጣ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሚዘጋው ሰንሰለት ነው፤ በረዶው እንዳይበጥሰው በኅዳር አውጥተነዋል፤ በሚያዝያ እንመልሰዋለን። ሰንሰለቱ የሚያርፍባቸውን ተንሳፋፊ ግንዶች በዝፍት እንቀባለን። ጣቶቼ ደብዳቤዬ ላይ ያተሙት ጥቁር እሱ ነው፤ አትደንግጪ።

የሩፉስን አናጢነት ለጓዶቼ ብነግራቸው፣ ጎጇችን ታፈሳለችና ይላክልን ብለው ይስቁብኝ ነበር። ግን አልነገርኳቸውም።

ኢኖስ

---

ፔልተን፣ መጋቢት 16 ቀን 1779

ወንድሜ፣ ሰላምህ ይብዛ።

ይህን የሚያመጣልህ የአክስታችን የሜሂታብል ልጅ ነው፤ ኮቱ ውስጥ ሰፍቼለታለሁ። ስለዚህ እንደ ድሮው በአንድ ገበታ ዙሪያ እንደተቀመጥን ሁሉ ሳልሸፍን ልንገርህ። እንዳልነግርህ ለምነኸኝ ነበር፤ አልቻልኩም፤ ይቅር በለኝ።

ጆታም እቤት ነው። የደረሰው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ከባድ በረዶ በጣለበት ቀን ነው። መጀመሪያ የሄደው ወደ ቤት አልነበረም። ሩፉስ ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ ከመቃብሩ አጠገብ ሰው ተቀምጧል ብሎ ጠራኝ። ሄጄ ባየው ፂሙ በረዶ ተጋግሮበት የፊቢ መቃብር ላይ ያለውን በረዶ በባዶ እጁ ይጠርጋል። ስሜን አልጠራም። «ትንሽ ነው እኮ» አለኝ፤ ስለ መቃብሩ ነው። ደግፌ አስገባሁት። ከግራ እግሩ ሁለት ጣት ጠቁሮ ነበር። በስጋ ቢላዋ የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። ቅባትህ የደረሰው ዘግይቶ ቢሆንም ረድቶታል። አሁን ያነክሳል እንጂ ይራመዳል።

ከማድ ቤቱ በላይ ካለው ቆጥ፣ ከተልባው ጭድ ኋላ ይተኛል። አቶ ብራግ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥሩ ተቀምጠው ይጠጣሉ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። አርግዣለሁ። እስከ አጨዳው ድረስ በሻርፕ እሸፍነው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን አይሸፈንም። ባሌ እዚህ ነበር ካልኩ መጥተው ይወስዱታል፤ አንተም እንደጻፍከው ይገርፉታል። ዝም ካልኩ ደግሞ በጸሎት ቤቱ መካከል አቁመው የማን ነው ይሉኛል፤ ልጁም ዕድሜውን ሙሉ ዲቃላ ሲባል ይኖራል። የፒርስ ቤት ሴቶች ከአሁኑ ወገቤን ማየት ጀምረዋል። እናንተ ስትዘምቱ ባርከው የሸኟችሁ ሴቶች ናቸው።

የሻምበሉን ወረቀት የምትጽፈው አንተ ነህ፤ የእጁንም ጽሕፈት ታውቀዋለህ። ለጆታም ሊላንድ ከታኅሣሥ ጀምሮ ፈቃድ ተሰጥቶታል የሚል አንድ ወረቀት ጻፍልኝ። ከዚህ ሌላ የምለምንህ የለም፤ ጨውም ቅባትም አልፈልግም። እናታችን ስትሞት በክንዴ ይዤ ያሳደግኩህን ቆጥሬብህ አላውቅም። ዛሬም አልቆጥርም። ግን ጻፍልኝ።

ዶርካስ

---

ከሃድሰን ወንዝ ዳር፣ መጋቢት 31 ቀን 1779

እትዬ፣ እግዚአብሔር በረድኤቱ አይለይሽ። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ በሁለት መንገድ ልኬዋለሁ፤ ጭቃው አንዱን ቢያስቀር ሌላው ይደርስ ይሆናል።

አስቀድሜ የወረቀቱን ነገር ልንገርሽ። ብዕሩን አነሣሁ። ሻምበሉ እንደሚጽፈው አድርጌ ስሙን እስከ ግማሽ ጻፍኩት። በጣም ይመስል ነበር። ከዚያ ቀደድኩት። ቢታወቅ ከጆታም ጋር እኔም እንደምጠፋ አውቃለሁ፤ ያቆመኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ሻምበሉ እጁ ታጥፎ አልዘረጋ ሲለው ወታደሩን ሁሉ አይቶ ብዕሩን ለእኔ የሰጠ ሰው ነው። ተናድጄብሽም ነበር። በክንድሽ ይዘሽ ያሳደግሽኝን አልቆጥርም እያልሽ ቆጥረሽብኛል። ንዴቴ አሁን አልፏል፤ የአንቺም እንዲያልፍ እለምንሻለሁ።

አሁን የምነግርሽን ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የምሕረት አዋጅ ወጥቷል። በሰልፍ ላይ አቁመው አነበቡልን፤ እኔም በጆሮዬ ሰምቼ ሳልጠግብ ሄጄ የተለጠፈውን አነበብኩት። ከሰፈር የሄደ ሰው ሁሉ እስከ ግንቦት መባቻ ወደ ጦሩ ከተመለሰ በደሉ ይሰረዝለታል፤ አይገረፍም፣ አይታሰርም። የጎደለውን ጊዜ ጨምሮ ያገለግላል፤ ሌላ የለም። ያ ቀን ካለፈ በኋላ ግን ለሚያዝ ሰው ርኅራኄ የለም።

ልብ በይ። መንገድ ላይ ሲሄድ ፈላጊ ጓድ ቢይዘው ሊመለስ ነበር ብሎ ማስረዳት አይሆንለትም። በራሱ እግር መጥቶ በሻምበሉ ፊት መቆም አለበት። በዚያ እግሩ ብቻውን መምጣቱ ያስፈራኛል። ፈላጊዎቹ ደግሞ ከአሁኑ ወጥተዋል።

መልስ አትጻፊልኝ። እሱን ላኪልኝ።

ኢኖስ

---

ፔልተን፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1779

ወንድሜ፣ ይህን ወረቀት የሚሰጥህ ሰው ማን እንደሆነ ስታይ ሳትደነግጥ አትቀርም፤ ስለዚህ ታሪኩን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ከሁለቱ ደብዳቤህ አንዱ የት እንደቀረ አላውቅም። ሌላው የደረሰው ትናንት ነው፤ ያመጡትም አቶ ብራግ ናቸው። መሸታ ቤቱ ተቀምጦ አግኝተውት ነው። ዝናብ ገብቶበት ማኅተሙ ለቆ ነበር። ያነበቡት ይሁን ያላነበቡት አልነገሩኝም። ገበታው ላይ አስቀመጡትና ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። እኔ እስካነብ ጠበቁኝ። አንብቤ ስጨርስ ፊቴ ምን እንደመሰለ እንጃ።

«ሰኞ የጨው ሥጋ በርሜል ጭኜ ወደ ወንዙ ሰፈር እሄዳለሁ» አሉ። የሚያዩት እኔን አልነበረም፤ ጣሪያውን ነው። «መንገዱ ጭቃ ነው። ዳገት ላይ ጋሪ የሚገፋልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ቢያነክስም ግድ የለኝም።»

እኔ የሚያውቁት ነገር እንደሌለ አድርጌ፣ እንዲህ ያለ ሰው ከየት አገኝልዎታለሁ አልኳቸው።

«ዶርካስ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጣሪያ ይጠግን ይሆናል» አሉኝ፤ «ቆጥ ላይ ሆኖ እንደ ጎልማሳ ግን አያስልም።»

ቆጡ ላይ ጭዱ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ጆታም መሰላሉን በጀርባው ሳይሆን በፊቱ ወረደ፤ ሊይዙት ከሆነ አይቶ ሊያዝ ነው። አቶ ብራግ ፊቱን አላዩትም፤ እግሩን አዩ። ጫማው ያስኬደው እንደሆነ ጠየቁት። ያስኬደኛል አላቸው። እንግዲያው ሰኞ ጎህ ሲቀድ ድልድዩ ጋ ጠብቀኝ አሉትና ተነሡ።

በር ድረስ ሸኝቻቸው፣ ካወቁ ለምን እስካሁን ዝም እንዳሉ ጠየቅኳቸው።

«በመጀመሪያው ቅዳሜ የመጣሁት ላስይዘው ነበር» አሉኝ። «የእኔ ልጅ እዚያ ቀርቶ የሰው ባል እቤቱ እሳት ሲሞቅ ደስ አላለኝም። ሁለተኛውም ቅዳሜ ለዚያው ነው የመጣሁት። ከዚያ እንጨት ስፈልጥ ዓይኔ ያቺ መቃብር ላይ ያርፋል። የቆፈርኳት እኔ ነኝ።» ኮታቸውን ቆለፉ። «ያንቺንም ነገር አይቻለሁ። ልጁ አባት ይኑረው።»

ወንድሜ፣ ወረቀቱን ባለመጻፍህ ተቆጥቼህ ነበር። አሁን ጆታም ዓይኑን ገልጦ በቀጥታ መንገድ ሲሄድ ሳስበው ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ሲደርስ ጻፍልኝ። ባይደርስም ጻፍልኝ።

ዶርካስ

---

ከሃድሰን ወንዝ ዳር፣ ግንቦት 4 ቀን 1779

እትዬ፣ ደስ ይበልሽ፤ ደርሷል።

አደጋ ሳይገጥማቸው አልመጡም። ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀራቸው ፈላጊ ጓድ አስቆማቸው። ሌተናው የጆታምን እግርና የጆታምን ኮት አይቶ ይህ ሰው ማን ነው አለ። ኮቱ የጦሩ ኮት ነበር፤ እትዬ፣ ይህን እንዴት ሳታዪ ለቀቅሽው? አቶ ብራግ የኮሚቴውን ወረቀት አውጥተው፣ እኔ የፔልተን ኮሚቴ ነኝ፤ ይህን ሰው ወደ ሻምበሉ የማደርሰው እኔ ነኝ አሉ። ውሸት የለበትም። ሌተናው እስረኛ እያጓጓዙ መሰለውና መልካም መንገድ ብሎ አሳለፋቸው።

እኔ ወንዙ ላይ ነበርኩ፤ ሰንሰለቱን እየመለስን። ሮጬ ስደርስ ጆታም ከሻምበሉ ፊት ቆሟል። የግንቦት መባቻ ገና አልደረሰም ነበር። ሻምበሉ ለምን ሄድክ አለው።

«ልጄን ልቀብር ነበር» አለ ጆታም። «ስደርስ ተቀብራለች።»

ለምን ተመለስክስ ብሎ ጠየቀው። ጆታም ወደ እኔ አየ። ሻምበሉም ወደ እኔ ዞረና፣ «ስሙን መልሰህ ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለአንቺ ብቻ እነግርሻለሁ። አቶ ብራግ በርሜሎቻቸውን ካስረከቡ በኋላ አልሄዱም። ጋሪው ሥር ተቀምጠው ጆታምን ጠሩት። እኔም በቅሎዎቻቸውን አጠጣ ስለነበር ሰማሁ። ኢታማር ሲወድቅ አጠገቡ የነበረው ጆታም መሆኑን ያውቁ ኖሯል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሁለቱም አንድም ቀን አላነሡትም። አሁን እንዴት እንደሞተ ንገረኝ፤ ለእናቱ የሚነገረውን ሳይሆን የሆነውን ንገረኝ አሉት።

ጆታም ነገራቸው። በስንዴው ማሳ አጥር ሥር ሆዱን እንደተመታ፣ ቶሎም እንዳልሞተ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ እንደቆየ ሳይደብቅ ነገራቸው። ውኃ ሰጠሁት፤ ሆዱ ለተመታ ሰው ውኃ አይሰጥም ይላሉ፣ እኔ ግን ስለለመነኝ ሰጠሁት አላቸው። ምን ተናገረ ብለው ጠየቁት። ስለ ባዝራይቱ ነው ያወራው አላቸው ጆታም፤ ወልዳ ይሆን እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ እኔ አላውቅም ነበር።

አቶ ብራግ፣ «ወልዳ ነበር» አሉ። «በዚያው ሳምንት።»

ከዚያ ተነሥተው በቅሎዎቹን ጠመዱ። ጆታም የጋሪውን ጎማ ከጭቃው ገፋላቸው። ሲለያዩ የተጨባበጡ አይመስለኝም፤ በቅሎዎቹ ከልለውኝ ነበር።

ኢኖስ

---

ፔልተን፣ ጥቅምት 18 ቀን 1779

ለወንድሜ ለኢኖስ፣ ለባለቤቴም ለጆታም፤ ይህ ደብዳቤ የሁለታችሁም ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት ብታነበው አይከፋኝም።

በነሐሴ የላክኸው ደርሶኛል። በሐምሌ ከወንዙ በታች ያለውን የእንግሊዞችን ምሽግ በወሰዳችሁበት ውጊያ ሁለታችሁም እንዳልተነካችሁ ሳነብ ደጅ ወጥቼ በእንባ ነው ያመሰገንኩት። ከዚያ ወዲህ ድምፃችሁ ጠፍቷል። መንገድ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ሴት ልጅ ወልጃለሁ። ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ምጡ ረጅም ነበር፤ አሁን ግን ሁለታችንም ደህና ነን። ፀጉሯ ጥቁር ነው፤ ጡት ስትይዝ እንደ ጥጃ ትገፋለች። ሩፉስ ወንድም ጠብቆ ስለነበር ትንሽ አኩርፏል፤ ትናንት ግን ሳያየኝ የሕፃን አልጋዋን ሲወዘውዝ ያዝኩት።

ባለፈው እሑድ ወደ ጸሎት ቤት ይዣት ሄድኩ። አውቃለሁ፣ ቤት ብቆይ ይሻል ነበር። ነገር ግን ከመጋቢት ጀምሮ ያችን ቀን ስፈራት ኖሬአለሁና ቶሎ ላሳልፋት ፈለግሁ። ስገባ የፒርስ ቤት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተጠጋጉ። ከጸሎቱ በኋላ ፓስተሩ ስለ ልጅቷ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት ከኋላ አንዲቱ፣ ባሏ ከዘመተ ስንት ጊዜው ነው ስትል ሁሉም ሰማ።

አቶ ብራግ ከተቀመጡበት ተነሡ። እዚያ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን የሰማ ሰው ካለ ከሁለት ዓመት በፊት ነው።

«ጆታም ሊላንድ በበረዶው ወራት እቤቱ ነበር» አሉ። «ከሰፈር ጠፍቶ ነው የመጣው። እኔ አውቅ ነበር፤ አላስያዝኩትም። ምሕረት ወጣ፣ ራሴ ይዤው ሄድኩ፣ ተመለሰ፣ አሁን ወንዙ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቀኝ።»

የጠየቃቸው አልነበረም። ቆመው ጠበቁ፤ የጠበቁት ግን ትንሽ በዝቶ ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ከዚያ ተቀመጡ። ስንወጣ ጋሪያቸው ላይ አሳፈሩን፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ፖም ምርት ብቻ ነው ያወሩኝ። ኮሚቴውን ለመልቀቅ እንዳመለከቱ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ፓስተሩ ግን የጀመረውን ጥያቄ አልተወም። ስሟ ማን ነው፣ የሚቀጥለው እሑድ እናጥምቃት አለኝ። አባቷ ስም እስኪልክላት እንጠብቃለን አልኩት። እንዲህ ያለ ልማድ የለንም፣ እናት ትሰይማለች አለኝ። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አባት አላት፤ አባቷ ያወጣላታል፤ ከዚያ እናጠምቃታለን አልኩት። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ከፍ ብሎ ወጣ። አላፈርኩበትም።

እስካሁን «ትንሿ» እያልን እንጠራታለን። የኮረብታው ጫፍ ትናንት ነጭ ሆኖ አድሯል። መንገዱን በረዶ ሳይዘጋው ስም ላኩልን።

ዶርካስ